ቱቦ ላለው መታጠቢያ ቤት የአየር ማውጫ ፋን ሲቀየር፦ የትኛው ዓይነት ለየትኛው ቤት

የመታጠቢያ ቤት ፋን ሲቃጠል ወይም ጩኸቱ አላስተኛ ሲል፣ እዚህ ድሬዳዋ አብዛኛው ሰው አሮጌውን ነቅሎ በፌስታል ይዞ ወደ አሸዋ ወይም ወደ ታይዋን ገበያ ይወርድና «እንደዚህ ያለ ስጡኝ» ይላል። ሻጩም ቀዳዳው የሚገጥመውንና መልኩ የሚመሳሰለውን ያወጣለታል፤ በዋጋ ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ፣ ፋኑም በዚያው ቀን ይሰቀላል። ፋኑ ግድግዳ ላይ ሆኖ አየሩን በቀጥታ ወደ ውጭ የሚተፋ ከሆነ በዚህ መንገድ መግዛት ብዙም አይጎዳም። አየሩ በኮርኒስና በቆርቆሮ መሃል በተዘረጋ ቱቦ ብዙ ሜትር ተጉዞ የሚወጣበት ቤት ከሆነ ግን መልክን ከመልክ አመሳስሎ መግዛት ለአንድ ችግር ሁለት ጊዜ መክፈል ነው፤ ምክንያቱም የፋኑን ሥራ የሚወስነው ከፊቱ ያለው ቱቦ እንጂ በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር አይደለም።

በጥገና ሥራዬ ይህን በሚገባ ያየሁት ከዚራ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የቆየ ቤት ነው። የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ሲሆኑ፣ ፋኑን በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አስቀይረዋል። «ልጄ፣ ይኼ ሁለተኛው ነው፤ ድምፁ አለ፣ ሥራው ግን የለም» አሉኝ። ሶፍት ቀድጄ ወደ ፋኑ አፍ ሳስጠጋው ወረቀቱ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ወደቀ። መሰላል አቁሜ ኮርኒሱን ስከፍት፣ እንደ አኮርዲዮን የሚጨማደደው የአሉሚኒየም ቱቦ ከአንዱ ማገር ወደ ሌላው እንደ ታጠበ ጨርቅ ረግቦ ተንጠልጥሏል፤ በረገበበት ቦታ ሁሉ ከመታጠቢያው የመጣው እርጥበትና የከተማችን አቧራ ተላቁጠው ደርቀው እንደ ጭቃ ቂጣ ሆነዋል። ቱቦው የሚያበቃበት የውጭ ግድግዳ ላይ ያሉት ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች ደግሞ ግድግዳው በተቀባ ጊዜ ቀለም ጠጥተው አንዱ ከሌላው ጋር ተጣብቀዋል። ፋኑ ጤነኛ ነበር፤ አየሩ ግን መውጫ አልነበረውም። «እናቴ፣ ፋኑን ከመቀየራችን በፊት መንገዱን እንይለት» ብዬ ሥራውን ከዚያ ጀመርኩ። ንጽጽሩንም ከዚያው ልጀምር።

ቱቦውን ሳይለኩ አይግዙ

ከምንም አስቀድሞ ብሬከሩን ያውርዱ፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ ማጥፋት አይበቃም፤ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለው ተጨማሪ ሽቦ የሚገባላቸው ፋኖች አሉና። ቀጥሎ የፋኑን ሽፋን አውልቀው አራት ነገሮችን በወረቀት ላይ ይጻፉ፦ የቱቦውን የውስጥ ስፋት፣ ከፋኑ እስከ መውጫው ያለውን ርዝመት፣ የመታጠፊያዎቹን ብዛትና ቱቦው ከምን እንደተሠራ። በቤቶቻችን ውስጥ በብዛት የሚገኘው 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው፤ 125 እና 150 ሚሊ ሜትር አልፎ አልፎ፣ በተለይ በሆቴሎች፣ ይገኛሉ። ርዝመቱን በግምት አይተዉት። ከታች ቆሞ «ሦስት ሜትር ቢሆን ነው» የተባለው ቱቦ ኮርኒስ ውስጥ ገብተው ሲከተሉት ምሰሶ እየዞረ ሰባት ሜትር ሆኖ ያገኙታል።

እነዚህ አራት ነገሮች ምን ያህል እንደሚመዝኑ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በሰዓት 100 ሜትር ኩብ አየር ለስላሳና ቀጥ ባለ የ100 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ፣ በእያንዳንዱ ሜትር የሚያጣው ግፊት ሁለት ፓስካል እንኳ አይሞላም። ያው አየር በደንብ ባልተወጠረ ተጨማዳጅ ቱቦ ሲያልፍ ግን ኪሳራው ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ የጠበበ የ90 ዲግሪ መታጠፊያ የበርካታ ሜትሮችን ቀጥ ያለ ቱቦ ያህል ይከለክላል፤ የውጭው ክዳንም የራሱን 10 ፓስካልና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በዚህ ስሌት የከዚራው ቤት ሰባት ሜትር የረገበ ቱቦና ሦስት መታጠፊያ፣ የተጣበቀው ክዳን ሳይቆጠር፣ 60 ፓስካል አካባቢ ይጠይቅ ነበር። እናቲቱ የገዙት ዓይነት ተራ ፋን ደግሞ አቅሙን ሁሉ አሟጦ የሚሰጠው ግፊት ከ30 እስከ 40 ፓስካል ነው። የጠፋው ነገር ይኸው ነው፤ ሦስተኛ ተመሳሳይ ፋን ቢገዙም ውጤቱ ከዚህ የተለየ አይሆንም ነበር።

ከዚህ የሚከተለውን ሐሳብ አጥብቄ እመክራለሁ። ኮርኒሱ የሚከፈት ከሆነ በፋኑ ላይ ገንዘብ ከመጨመር በፊት ቱቦውን ማስተካከል ይቀድማል። ለፍሳሽ የምንጠቀምበትና በየሕንፃ መሣሪያ ሱቁ የሚሸጠው የ110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ የውስጥ ስፋቱ ከ100 ሚሊ ሜትር ጥቂት ስለሚበልጥ፣ የፋኑ አፍ ይገባበታል፤ የቀረውን ክፍተት በጎማና በአሉሚኒየም ቴፕ መድፈን ይቻላል። አንድ የ90 ዲግሪ ክርን ከመግጠም ሁለት የ45 ዲግሪ ክርኖችን በትንሽ ርቀት መቀጣጠል አየሩን ብዙም አያስቸግረውም። ተጨማዳጁን ቱቦ የግድ መጠቀም ካለብዎ እስከ መጨረሻው ወጥረው፣ ትርፉን ቆርጠው፣ በየሜትሩ አስረው ይስቀሉት። ቦታው ከፈቀደ ደግሞ ወደ 125 ሚሊ ሜትር ማሳደግ ከሁሉም ይሻላል፤ ለተመሳሳይ የአየር መጠን የቱቦው ግጭት ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳልና። ቱቦው ወደ ውጭው መውጫ በጥቂቱ ያዘቅዝቅ፤ ውስጡ የሚጤዘው ውኃ ወደ ፋኑ ሞተር ሳይሆን ወደ ውጭ እንዲፈስ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ደጋግሜ ያየሁትን አንድ ጥፋት ልጥቀስ፤ ቱቦው ወደ ውጭ ሳይወጣ ጫፉ ኮርኒሱ ውስጥ ተጥሎ የሚቀርባቸው ቤቶች አሉ። ከታች ሲታይ ፋኑ ይሠራል፣ ሶፍቱንም ይስባል፤ እርጥበቱ ግን ተጠራቅሞ ችፑዱን ያጠቁረዋል፣ የቆርቆሮውን ሚስማር ያዝገዋል። እንዲህ ባለ ቤት የተሻለ ፋን መግጠም ጉዳቱን ያፋጥነዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ስንት አየር መውጣት አለበት

የክፍሉን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ያባዙና በሰዓት ከስድስት እስከ አሥር ጊዜ አየሩ እንዲለወጥ ያስቡ። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል የሆነና ቁመቱ 2.6 ሜትር የሆነ ክፍል 13 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ በስምንት ሲባዛ በሰዓት 104 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለዚያው ወለል የከዚራን የባቡር ዘመን ቤቶች ቁመት፣ ሦስት ሜትር ተኩል ያህሉን፣ ቢወስዱ ግን ቁጥሩ ወደ 140 ይወጣል፤ ስለዚህ በወለል ስፋት ብቻ መገመት በእነዚህ ቤቶች ላይ ያሳስታል። ለማነጻጸር ያህል፣ የእንግሊዝ የሕንፃ ደንብ ለመታጠቢያ ቤት በሚያስፈልግ ጊዜ ብቻ ለሚበራ ፋን የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን በሰከንድ 15 ሊትር፣ ማለትም በሰዓት 54 ሜትር ኩብ ነው፤ በአሜሪካ የተለመደው ደግሞ 50 ሲኤፍኤም (በደቂቃ ኪዩቢክ ጫማ)፣ በሰዓት 85 ሜትር ኩብ ገደማ ነው።

በካርቶን ላይ ሦስት ዓይነት መለኪያዎች ስለሚያጋጥሙ ሁሉንም ወደ አንድ መመለስ ያስፈልጋል፦ ሲኤፍኤም የተባለውን በ1.7 ማባዛት፣ በሰከንድ ሊትር የተባለውን ደግሞ በ3.6 ማባዛት በሰዓት ሜትር ኩብ ይሰጣል። ከዚህ በላይ አስፈላጊው ነገር ቁጥሩ የተለካው በምን ሁኔታ እንደሆነ ማወቅ ነው። በካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ፋኑ ያለ ምንም ቱቦ በባዶ ሲነፋ የሚያወጣው መጠን ነው። ጥሩ አምራች በመመሪያው ውስጥ ግፊት ሲጨምር መጠኑ እንዴት እንደሚቀንስ የሚያሳይ ጠመዝማዛ መስመር ያወጣል፤ የራስዎን ቱቦ ግምታዊ ግፊት ይዘው በዚያ መስመር ላይ የሚያገኙት ቁጥር እውነተኛው ነው። መስመሩ ከሌለ ቢያንስ ከፍተኛው ግፊት በፓስካል መጻፉን ይፈልጉ፤ እሱም ከሌለ ያንን ፋን ለረጅም ቱቦ አልመክርም።

ስለ ከፍታ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላለች፤ ስለዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በድሬዳዋ ወደ 15 በመቶ፣ በሐረር ወደ 20 በመቶ ይሳሳል። ይህ ፋኑ የሚፈጥረውን ግፊት ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን ቱቦው የሚፈጥረውንም ግጭት በዚያው ልክ ስለሚቀንሰው የሚወጣው የአየር መጠን አይለወጥም። «ለከፍታው» ተብሎ ትልቅ ፋን መግዛት አያስፈልግም።

ሦስቱ ዓይነቶች

የመጀመሪያው አክሲያል የሚባለው ነው፤ ክንፎቹ እንደ ጠረጴዛ ቬንትሌተር ሆነው አየሩን ወደፊት በቀጥታ ይገፋሉ። በገበያችን ላይ በብዛት ያለው፣ ርካሹና ለመግጠም ቀላሉ ይህ ነው። የ100 ሚሊ ሜትሩ በባዶ በሰዓት ከ80 እስከ 100 ሜትር ኩብ ያወጣል፤ ኤሌክትሪክም ብዙ አይፈጅም። አቅሙ ግን ከላይ እንዳልኩት በግፊት በኩል ደካማ ነው። በቀጥታ ግድግዳ ለሚያልፍ፣ ወይም ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ወይም ከሁለት ሜትር ለማይበልጥና ከአንድ በላይ መታጠፊያ ለሌለው ቱቦ ይህን መግዛት ትክክል ነው፤ ከዚያ በላይ ገንዘብ ማውጣትም አያስፈልግም። ቱቦው ሦስት ሜትር ሲደርስ ግን እኔ አልገጥመውም፤ ደንበኛው ቢለምነኝም አሳምኜ እመልሰዋለሁ።

ሁለተኛው ሴንትሪፉጋል ነው። በውስጡ እንደ ከበሮ የሚዞር፣ ጠባብ ክንፎች በዙሪያው የተደረደሩበት ጎማ አለ፤ አየሩን ከመሃል ስቦ በጎን ይወረውራል። መጠኑ ከአክሲያሉ ብዙም ላይበልጥ ይችላል፤ ግፊቱ ግን 100 ፓስካልና ከዚያ በላይ ስለሚደርስ፣ ቱቦው ሲከለክለው አይሸነፍም። በአሮጌው ፋን ቦታ ላይ፣ ኮርኒሱ ወይም ግድግዳው ላይ፣ ስለሚቀመጥ ኮርኒስ መክፈት ለማይቻልበት ቤት፣ ለምሳሌ ከላይ ሌላ ሰው በሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ወይም ፎቅ ቤት፣ የተሻለው ምርጫ እሱ ነው። ሁለት ጉድለቶች አሉት። አካሉ ወፍራም በመሆኑ ከመግዛትዎ በፊት ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ክፍት ቦታ መለካት ግድ ነው፤ ድምፁም ክፍሉ ውስጥ ስለሚቀር ከሌሎቹ ይበልጥ ይሰማል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዴሲቤል ሲያነጻጽሩ ሁለቱም ፋኖች በተመሳሳይ ርቀት፣ ብዙ ጊዜ በሦስት ሜትር፣ የተለኩ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ የ10 ዴሲቤል ልዩነት ለጆሮ እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማልና።

ሦስተኛው ኢንላይን የሚባለው፣ ከክፍሉ ርቆ ራሱ ቱቦው መሃል የሚገባው ነው። በመታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ ላይ የሚታየው ወንፊት ያለው አፍ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ኮርኒስ ውስጥ፣ ከሰው ጆሮ ርቆ ይሠራል። የ100 ሚሊ ሜትሩ በባዶ በሰዓት ከ180 እስከ 250 ሜትር ኩብ ያወጣል፤ ግፊቱም ከ150 ፓስካል በላይ የሚደርስ ብዙ ነው። ከሦስት ሜትር በላይ ለሆነ ቱቦ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው። በአንድ ፋን ሁለት ተጎራባች መታጠቢያ ቤቶችን በዋይ ቅርጽ መገናኛ ማገልገልም ይቻላል፤ እንዲህ ሲደረግ ግን የአንዱ ክፍል ሽታ ወደ ሌላው እንዳይመለስ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ አየር የማያስመልስ ክዳን መግባት አለበት። ዋጋው ከሦስቱ ከፍተኛው ነው፤ ኮርኒሱም ተከፍቶ ሞተሩን ለማጽዳትና ለመቀየር የሚያስችል በር ሊቀርለት ይገባል። ያለ በር የተዘጋበት ኢንላይን ፋን በተበላሸ ቀን ኮርኒስ ያስፈርሳል።

ስለ ኢንላይን ፋን ለድሬዳዋ ሰው በተለይ የምነግረው አንድ ነገር አለ። ሞተሩ የሚቀመጠው በቆርቆሮና በኮርኒስ መሃል ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ ያ ቦታ ከውጭው አየር በብዙ የሚበልጥ ሙቀት ይይዛል፤ እዚያ ገብቶ የሠራ ሰው ሚስማር ሲነካ እጁን እንደሚያነሳ ያውቃል። በፋኑ ላይ በተለጠፈው ምልክት ወይም በመመሪያው ውስጥ ሊሠራበት የሚችለው ከፍተኛ ሙቀት ይጻፋል፤ 40 ዲግሪ ብቻ የሚል ካለ ለዚህ ከተማ ኮርኒስ አይሆንም። 60 ዲግሪ የሚልና ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሱን የሚያጠፋ መከላከያ ያለውን ይምረጡ። ለሐረር ቤት ይህ ጭንቀት በእጅጉ ይቀንሳል።

በቆርቆሮ ላይ የሚተከለውና በነፋስ የሚዞረው የአየር ማውጫ ለመጋዘን ጥሩ ነው፤ ረጅም አግዳሚ ቱቦ ላለው መታጠቢያ ቤት ግን አይሆንም። አሮጌውን ሞተር ማስጠምጠምም ለእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ልፋቱን አይከፍልም።

ድሬዳዋ ሌላ፣ ሐረር ሌላ

ፋኑ ምን እንዲያወጣ እንደሚፈለግ መጠየቅ ምርጫውን ይለውጠዋል። በድሬዳዋ የብዙ ሰው ገላ መታጠቢያ ውኃ ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ በፀሐይ ሞቆ የሚወርድ ነው፤ እንፋሎት እምብዛም የለም፤ መስታወትም አይጤዝም። እዚህ ፋኑ በዋነኛነት የሚያወጣው ሽታና የታፈነ ሙቀት ነው፤ ስለዚህ የእርጥበት መለኪያ ያለው ውድ ፋን ከመግዛት ሰው ከወጣ በኋላ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ እንዲሠራ የሚያደርግ ሰዓት ያለውን መምረጥ ይሻላል። በሐረር ግን ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ሰው በቦይለር ውኃ ይታጠባል፤ እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ይጤዛል፣ ሻጋታም በኮርኒሱ ጥግ ይጀምራል። ለሐረር የእርጥበት መለኪያው ገንዘቡን ያወጣል፤ ቱቦውም በቀዝቃዛ ቆርቆሮ ሥር የሚያልፍ ከሆነ በሙቀት መከላከያ ቢሸፈን መልካም ነው።

ሰዓት ያለውን ፋን ከመግዛትዎ በፊት ሽቦውን ይዩ። ተራው ፋን ፌዝና ኒውትራል ብቻ ይበቃዋል፤ ሰዓት ያለው ግን ከማብሪያው ከሚመጣው ፌዝ ሌላ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለው ሌላ ፌዝ ይፈልጋል። ሽቦው በሚያልፍበት ቧንቧ ውስጥ ተጨማሪ ሽቦ ማሳለፍ ካልተቻለ ሰዓቱ የተከፈለበት ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ጁገል፣ ማለትም በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ውስጥ ላለ ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ኃላፊነት አለበት። ጁገል ከ2006 ጀምሮ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ የድንጋይ ግድግዳውም ወፍራም ነው። አዲስ ቀዳዳ ከመብሳት ነባሩን ቀዳዳ መጠቀም፣ የግድ መብሳት ካስፈለገም አስቀድሞ የሚመለከተውን የቅርስ አካል ማስፈቀድ ተገቢ ነው። ነባሩ ቀዳዳ ጠባብ በሚሆንበት ቤት ግፊት ካለው ፋን፣ ማለትም ከሴንትሪፉጋል ወይም ከኢንላይን፣ ሌላ አማራጭ የለም።

በምልክቱ ላይ የሚነበቡ ነገሮች

ቮልቱና ኸርዙ በቅድሚያ ይታያሉ። የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው የ120 ቮልት ፋን በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል፤ 220 ቮልት ሆኖ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራው ደግሞ ይዞራል፣ ግን ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ከሚገባው በላይ ይሞቃል። በሌላ በኩል፣ ኢሲ የሚባለው አዲሱ የሞተር ዓይነት ኤሌክትሪክ በጣም ይቆጥባል፤ ሆኖም በውስጡ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ስላለ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን የኃይል መወርወር እንደ ተራው ሞተር አይችልም። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ የሆቴል ፋን ከስታቢላይዘር ጋር ብገዛው አልቆጭም፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ለሚሠራ የቤት ፋን ግን ተራውን ሞተር እመርጣለሁ።

ኩሽኔታ ያለውን እንጂ በቡሽንግ የሚዞረውን አይውሰዱ፤ በተለይ ፋኑ ኮርኒስ ላይ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ የሚሰቀል ከሆነ። ሙቀትና አቧራ የቡሽንጉን ቅባት ቶሎ ያደርቁታል፤ ማታ ማታ የሚሰማው የመፋጨት ድምፅ መነሻው ብዙ ጊዜ ይኼ ነው። ሱቅ ውስጥ በጣት ሲያሽከረክሩት ያለ ድምፅ ረጅም ጊዜ የሚዞረው ይሻላል።

ከሻወሩ በላይ እስከ 2.25 ሜትር ከፍታ ድረስና በዙሪያው 60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ የሚገባ ፋን ቢያንስ አይፒኤክስ 4 የሚል የውኃ መከላከያ ደረጃ ሊኖረው ይገባል፤ መስመሩም በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር ቢጠበቅ ነፍስ ያድናል። ይህን የሽቦ ሥራ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይስጡት።

የአየር መግቢያ ሳይኖር አየር አይወጣም። በሩ ከወለሉ ጋር ተጣብቆ የሚዘጋ ከሆነ፣ ከሥሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉለት። ይህንንም በሶፍት መፈተን ይቻላል፤ በሩ ሲከፈት ወረቀቱ ጠብቆ ተጣብቆ፣ ሲዘጋ የሚላላ ከሆነ ጥፋቱ የፋኑ ሳይሆን የበሩ ነው። ይሁንና ጠንካራ ፋን አየሩን ከየት እንደሚስብ ማሰብ ያስፈልጋል። ቡና የሚፈላበት ከሰል ተቀጣጥሎ መስኮት በተዘጋበት ጠባብ ቤት ውስጥ ኢንላይን ፋን ቢበራ የከሰሉን ጭስ ወደ መተላለፊያውና ወደ መኝታው ይጎትተዋል፤ የከሰል ጋዝ ደግሞ ሽታ የለውም። እንዲህ ባለ ቤት ከሰሉ ባለበት ክፍል አንድ መስኮት ሁልጊዜ ክፍት ይሁን።

አቧራው በክንፎቹ ላይ ሲጠራቀም ሚዛናቸውን ያዛባል፤ ስለዚህ በየሦስት ወሩ፣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በነፋስ በሚነሳበት ወቅት ደግሞ ከዚያም ቶሎ፣ በደረቅ ብሩሽና በእርጥብ ጨርቅ ይጽዱ። ሽፋኑ ያለ መሣሪያ በእጅ የሚወልቀውን ፋን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ወደ ከዚራው ቤት ልመለስ። ክፍሉ 15 ሜትር ኩብ ገደማ ስለነበረ የሚያስፈልገው በሰዓት 120 ሜትር ኩብ አካባቢ ነበር። ውጤቱን ለመለካት የተጠቀምኩት ማንም ሰው ሊያደርገው የሚችለውን ዘዴ ነው፦ 60 ሊትር የሚይዝ የቆሻሻ ላስቲክ አየሩን አስወጥቼ በውጭው መውጫ ላይ እየገጠምኩ፣ በስንት ሰከንድ እንደሚነፋ በስልክ ቆጠርኩ። አራት ሰከንድ ቢፈጅ በሰዓት 54 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ከመነካቱ በፊት ዘጠኝ ሰከንድ ፈጅቶ ነበር፤ 24 ሜትር ኩብ ብቻ። ክዳኑን ከቀለሙ አላቅቄ፣ የረገበውን ቱቦ አውጥቼ በ110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲና በ45 ዲግሪ ክርኖች ከተካሁ በኋላ ያንኑ አሮጌ ፋን መልሼ ሰቀልኩት፤ አምስት ሰከንድ ሆነ። በመጨረሻ 60 ዲግሪ የሚችል ኢንላይን ፋን ከመኝታ ቤቱ ርቆ በመተላለፊያው ኮርኒስ ውስጥ፣ በሩን ትቼለት፣ ገጠምኩና ላስቲኩን ሳስጠጋው ሁለት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ተነፋ። እናቲቱ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመው ወደ ላይ እያዩ «በርቷል?» ብለው ጠየቁኝ፤ ሶፍቱን ሰጠኋቸውና ራሳቸው ወደ ወንፊቱ አስጠጉት።